ወፍራሙ የብራና ፊደል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ታፔላ፣ የሠርግ ካርድ፣ ማኅተም፣ ካኒቴራ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የመጣውን ሁሉ። ደንበኛ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ "ያን የጥንቱን ወፍራም ፊደል አድርግልኝ" ይላል። ሁሉም እንደዚያ ይላል፤ በልቡ ያሰበው ግን ይለያያል። አንዱ የዳዊት ሽፋን ላይ ያየውን ነው፣ ሌላው የሆነ ምግብ ቤት ታፔላ ላይ ያየውን ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ኮምፒውተር ላይ በወርድ ፕሮግራም ውስጥ ያለችውን የቦልድ (የማወፈሪያ) ቁልፍ ማለቱ ነው። በስልክም በአካልም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሁሉም መልስ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ይህ ፊደል የሚያምረው በትልቁ ሲጻፍና ጥቂት ቃል ሲሸከም ነው።

"የጥንቱ ወፍራም ፊደል" የትኛው ነው?

ቁም ጽሕፈት የሚባለው፣ የብራናው። ቁም ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ሲቀርጽ ጫፉን ጠፍጠፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ መስመሩ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። የ"በ" ሁለት እግሮች ወፍራም ሆነው ከላይ የሚያገናኛቸው መስመር ቀጭን የሆነው ለዚህ ነው። የእግሩ ጫፍም ሰያፍ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። ላቲን ፊደል ላይ በየመስመሩ ጫፍ የምትወጣዋ ትንሽ ክንፍ ሰሪፍ ትባላለች። የእኛ ፊደል ልክ እንደዚያ ያለ ክንፍ ባይኖረውም ሰያፍ ጫፉና የወፍራምና ቀጭን ልዩነቱ ያንኑ ሥራ ስለሚሠሩ፣ ፎንት (ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የፊደል መልክ) ሠሪዎች የብራናውን መልክ የያዘውን ፊደል ሰሪፍ ከሚሉት ወገን ይመድቡታል። ዙሪያውን እኩል ውፍረት ያለው፣ ስልክ ላይ የምናየው ዓይነት ደግሞ ከሌላው ወገን ነው።

የብራናው ጽሕፈት ራሱም አንድ መልክ የለውም። ጉልሕ አለ፣ ረቂቅ አለ። ጉልሑ ትልቅና ወፈር ያለ ነው፤ ረቂቁ ደቀቅ ያለ። ደንበኞቼ "የጥንቱ" ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ጉልሑን ነው የሚፈልጉት።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ባሕር ዳር ስትሄዱ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩና ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለሙ። (እዚያ ወንድም ሴትም ይገባል፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አያስገቡም።) ከደብረ ወርቅ ወይም ከመርጡለ ማርያም የማትርቁ ደግሞ ዘጌ ድረስ መሄድም አያስፈልጋችሁ፣ ካህናቱን በትሕትና ጠይቁ። አንድ ገጽ ከተገለጠላችሁ ሥዕሉን ትንሽ ተዉትና የ"መ"ን እና የ"ወ"ን ውስጥ ተመልከቱ። መስመሩ ወፍራም ነው፣ ቀዳዳው ግን ክፍት ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጠፋው ይሄ ነው።

እኔ ቦልድ ሳደርገው ለምን ድፍን ይላል?

አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ቦልድ ስላልሆነ ነው። ለምሳሌ ብዙ ዊንዶውስ ላይ የምታገኙት ኒያላ የሚባለው ፎንት የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። የቦልድ ቁልፉን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ወፍራሙን ፊደል ከየት ያምጣው? ያለውን ዙሪያውን ያሳብጠዋል። ወፍራሙም ቀጭኑም መስመር እኩል ያብጣል፣ ቀዳዳው ይጠባል፣ የብራናው መልክም እዚያው ይቀራል። ሰው የሠራው ቦልድ እንዲህ አይደለም። ሠሪው የቆመውን መስመር ያወፍራል፣ የተኛውን ብዙም አይነካውም፣ ክቡን ደግሞ ሆን ብሎ ያሰፋዋል፣ ፊደሉም በጥቅሉ ጎኑ ሰፋ ይላል።

በእኛ ፊደል ጉዳቱ የሚብሰው ምልክቶቻችን ጥቃቅን ስለሆኑ ነው። ሣልሱ እግሩ ላይ ትንሽ ጭረት አለችው፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ትንሽ ቀለበት አለችው። "ቢ" እና "ቤ"ን አስተያዩ። ቀለበቷ ከተደፈነች "ቤ" የነበረው "ቢ" ይሆናል። "ሌ"ም "ሜ"ም "ቴ"ም እንደዚያው።

ሌላው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። የብራናውን መልክ በሚገባ የያዘ ፊደል የተኛው መስመሩ በጣም ቀጭን ነው። "ሰ"ን "ሸ" የሚያደርጋት፣ "ተ"ን "ቸ"፣ "ነ"ን "ኘ"፣ "ዘ"ን "ዠ" የሚያደርጋት ደግሞ ያች አናት ላይ የተጋደመችው ቀጭን መስመር ናት። በትንሹ ሲታተም ወይም ከሩቅ ሲታይ እሷ ትጠፋለች። እንግዲህ ሁለቱን ደምሩት፦ ወፍራሙ ይደፍናል፣ ቀጭኑ ይጠፋል። "ሻይ ቤት" ብላችሁ ያሠራችሁት ታፔላ ከአስፋልቱ ማዶ ሲነበብ "ሳይ ቢት" ይሆናል። ቀልድ አይደለም፣ መንገድ ላይ ስትሄዱ ቀና እያላችሁ ተመልከቱ።

ታዲያ የትኛውን ፎንት ላውርድ?

ለአብዛኛው ሥራ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ። ከጎግል ፎንትስ በነጻ ይወርዳል፣ ከስሱ እስከ በጣም ወፍራሙ ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ እያንዳንዱም በትክክል የተሠራ ነው። የጥንቱን መልክ ሙሉ በሙሉ አይይዝም፣ ትንሽ ዘመናዊ ነው፤ ግን አይደፈንም። ለታፔላ ከሁሉም የወፈረውን ሳይሆን ከእሱ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለውን እወስዳለሁ።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለብራናው መልክ ይበልጥ ይቀርባል፣ እሱም ነጻ ነው፣ ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ስለሆነ ቦልድ አታድርጉት። ወፍሮ እንዲታይ ከፈለጋችሁ በቃ መጠኑን ጨምሩት። ትልቅ ሲሆን የቆመው መስመር በራሱ ይወፍራል፣ ቀጭኑም ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ዘዴ አያስበውም። ወፍራም የፈለገ ሁሉ ቦልድ አያስፈልገውም፣ አንዳንዴ የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ቀንሶ የቀረውን ማተለቅ ነው።

ማክ ያላችሁ ከፋ የሚባለው አብሮ ይመጣላችኋል፣ እውነተኛ ቦልድም አለው። ኤብሪማ በአዳዲሶቹ ዊንዶውስ አለ፣ እሱም የራሱ ቦልድ አለው፣ መልኩ ግን እኩል ውፍረት ስለሆነ የጥንቱን አይመስልም። ለማኅተም ግን አስታውሱት፣ ከታች እመለስበታለሁ።

በነጻ የወረደ ፎንት ገንዘብ ለሚከፈልበት ሥራ ይፈቀዳል?

ኖቶም አቢሲኒካም ክፍት ፈቃድ ነው ያላቸው። ታፔላም ካርድም መጽሐፍም ሥሩባቸው፣ ሽጡ። የማይቻለው ፎንቱን ራሱን ለብቻው መሸጥ ነው። ቴሌግራም ላይ ተሰብስበው የሚዞሩት ፎንቶች ግን የማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ ለትልቅ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ ተዉአቸው።

እንዲህ ዓይነት ቦልድ ፎንት ለምን ጥቂት ሆነ?

ሥራው ብዙ ስለሆነ። የላቲን ፎንት ሠሪ ትልቁንም ትንሹንም ቢቆጥር 52 ፊደል ነው። አማርኛ 33 ፊደል በሰባት በሰባት፣ 231፤ እነ "ሏ" እና "ቋ"ን፣ ቁጥሩን፣ ነጥቡን ስትጨምሩ ከዚያም ያልፋል። አንድ ውፍረት ለመጨመር ይህን ሁሉ እንደገና መሣል ነው። በብረት ፊደል ዘመንም ችግሩ ይኸው ነበር፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ብረት ስለሚቀረጽ ሁለተኛ ውፍረት ማለት ሁለተኛ ሙሉ ሳጥን ማለት ነው።

ፊደሉ ወደ ማተሚያ የገባው እኮ በጣም ቀድሞ ነው። በፈረንጆች 1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ፊደሉን ያስተማሩት እዚያው ሮም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። ሰውየው ቋንቋውን በስሕተት "ከለዳዊ" ብሎ ነው ያወጣው፣ ይቅር ይበለው። ከዚያ በ1548 እና 1549 አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ እዚያው አሳተሙ። ያኔ የብረት ፊደል ቀራጩ ፊቱ አድርጎ የሚያየው ብራናውን ነበር፣ ከዚያ ሌላ የሚቀዳለት መልክ አልነበረም። ዛሬም ጥሩ ፎንት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ብራና ያገላብጣል።

ለታፔላ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን?

ለላቲን ፊደል የተለመደው ግምት በየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነው። ከ30 ሜትር እንዲነበብ የምትፈልጉት ቃል እንግዲህ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለእኛ ፊደል፣ በተለይ ለወፍራሙ፣ ከዚያ ጨመር አድርጉ፤ ውስጡ ጥቃቅን ነገር ይበዛዋል።

ከመጠኑ ይልቅ የማጨቃጭቀው በቃላት ብዛት ነው። ደንበኛ ሙሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ "የምግብና የመጠጥ አገልግሎት"፣ ሦስት ስልክ ቁጥር፣ "እንኳን ደህና መጡ"፣ የፍየል ሥዕል፣ ሁሉንም በወፍራሙ ይፈልጋል። አይሆንም። ወፍራሙን ለስሙ ብቻ ስጡት፣ የቀረውን እኩል ውፍረት ባለው ቀለል ያለ ፊደል ጻፉት። ስሙ እንዲገን ከጎኑ ያለው ዝም ማለት አለበት። በፊደላቱ መካከልም ትንሽ አየር ስጡ፣ በመስመሮቹ መካከል ደግሞ ሰፋ ያለ።

ለመሞከር ቀላል ዘዴ አለ። ስሙን በእውነተኛው መጠን በተራ ወረቀት ቆራርጣችሁ አትሙ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ መንገዱን ተሻግራችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ጥቁር ድብልቅልቅ ከሆነባችሁ ውፍረቱን ቀንሱ። ፎንቱን ለመፈተን ደግሞ "ሻይ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ጨጨብሳ፣ ፀሐይ፣ ሜዳ" ብላችሁ ጻፉበት። እነዚህን በደንብ ያሳየ ፎንት ሌላውን አይቸገርበትም።

ለሠርግ ካርድ ሙሉውን በዚህ ፊደል ቢሆንልኝስ?

በጥር ይሄን ጥያቄ በየቀኑ እሰማዋለሁ። አልመክርም። የሙሽሮቹ ስም በወፍራሙ፣ ጥሪው በዚያው ፎንት መደበኛ ውፍረት ይሁን። በተለይ ካርዱን የሚያነቡት አያቶችና አጎቶች ከሆኑ እንኳን ወፍራሙን ደቃቅ ፊደል፣ መደበኛውንም መነጽር ፈልገው ነው የሚያነቡት። በወርቅማ ቀለም ተጭኖ የሚታተም ከሆነ ደግሞ ቀጭን መስመር ይቆራረጣል፣ ጠባብ ቀዳዳም ይሞላል። የማተሚያ ቤቱን ናሙና ሳታዩ ሙሉውን አታሳትሙ።

ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር ማድረግ ያምራል፣ ፳፻፲፰ ብላችሁ። ግን የግዕዝ ቁጥር ከላይም ከታችም መስመር አለው፤ በትንሹ ቦልድ ሲሆን መስመሩና ቁጥሩ ይጣበቃል። ቁጥሩን ከጽሑፉ ትንሽ አተልቁት። ደግሞም ሰዓቱን በተራው ቁጥር ጻፉት፣ እንግዳው ዘግይቶ እንዳይመጣ። (ለነገሩ በምንም ብትጽፉት ይዘገያል።)

ለማኅተምስ?

አይሆንም። የዕድርም ይሁን የማኅበር፣ ማኅተም ላይ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ በክብ ይዞራል፣ ጎማውም ቀለም ይጠግባል። ሦስት ወር ሳይሞላው ቀዳዳው ሁሉ ጥቁር ነው። እንደ ኤብሪማ ያለ፣ እኩል ውፍረት ያለውን መደበኛ ፊደል ተጠቀሙ። የግድ የጥንቱ መልክ ይኑር ካላችሁ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ፊደል አድርጉ።

ካኒቴራና ጥልፍ ላይ?

ካኒቴራ ላይ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ይህ ፊደል ከሚያምርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ደረት ላይ አንድ ወይም ሁለት ቃል፣ ተለቅ ተደርጎ። ቀለም ጨርቅ ላይ ስለሚሰፋ ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ ሳሳ ያለውን ምረጡ፣ ሲታተም ራሱ ይወፍራል። ጥልፍ ግን ሌላ ነው። ክር ከተወሰነ ውፍረት በታች መስመር ማውጣት አይችልም፣ ስለዚህ የተኙት ቀጫጭን መስመሮች ወይ ይዘለላሉ ወይ ይጎረብጣሉ። ለጥልፍ ፋይሉን ከመስጠታችሁ በፊት ቀጭኑን መስመር በእጅ አወፍሩት።

በጽሑፍ መሃል አንድ ቃል ለማጉላት ቦልድ ላድርግ?

ብራናው ይህን እንዴት እንደሚፈታው ታውቃላችሁ? በቀይ ቀለም ነው። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፉ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል፤ ፊደሉ ያው ፊደል ነው። አንድን ቃል ከጎኑ ካሉት አወፍሮ ማጉላት የማተሚያ ዘመን ልማድ ነው፣ ያውም ዘግይቶ የመጣ። በፈረንጆች 1845 ለንደን ላይ ክላረንደን የሚባል ወፍራም ባለ ሰሪፍ ፊደል ወጣ፣ አንዱ ሥራው መዝገበ ቃላት ላይ ቃሉን ከፍቺው መለየት ነበር። እኛም ያንን ልማድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተቀበልነው።

ስለዚህ ባለ ሁለት ቀለም ኅትመት ከሆነ ቀዩን ተጠቀሙ፣ ለጸሎት መጽሐፍና ለማኅበር መጽሔት ከዚህ የሚያምር የለም። ጥቁር ብቻ ከሆነ ቦልዱን በቁጠባ፣ በአንድ ገጽ ሁለት ሦስት ቦታ። ሙሉ አንቀጽ በወፍራሙ የሚጽፍ ሰው ግን ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም፣ የሚጮህ ሰው ነው የሚመስለኝ።

ማዘንበል ይቻላል?

ይቻላል፣ አያምርም። በፊደላችን ልማድ ዘመም ብሎ የሚሄድ የመጽሐፍ ጽሕፈት የለም፣ ስሙም ቁም ጽሕፈት ነው።

ከእንግሊዝኛ ጋር አብሮ ሲሄድ ምን ልምረጥ?

ባሕር ዳር የቱሪስት ሥራ ያላችሁ ይህን ትጠይቃላችሁ። ከወፍራም የብራና ፊደል ጎን ቀጭን ዘመናዊ ላቲን ስታስቀምጡ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ይመስላሉ። ላቲኑም ሰሪፍ ያለውና ወፈር ያለ ይሁን። ኖቶ ከተጠቀማችሁ የላቲኑም ኖቶ ሰሪፍ አለ፣ ተስማምተው ነው የተሠሩት። ላቲኑን ሁሉንም በትልቁ ፊደል ከጻፋችሁት አማርኛውን ይጫነዋል። በዓይናችሁ እያመዛዘናችሁ ላቲኑን ቀነስ አድርጉት፣ ሶፍትዌሩ የሚያሳየው ቁጥር እኩል መሆኑ ምንም ማለት አይደለም።

የድሮ ጽሑፌን ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ይመጣል፣ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። የድሮዎቹ ፎንቶች፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞው ፓወር ግዕዝ፣ አማርኛውን በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያ ፎንት ከሌለ ኮምፒውተሩ ላቲኑን ያሳያችኋል። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ) የራሱን ቦታ ያገኘው በፈረንጆች 1999 ነው፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት ፎንቶች በዚያ ነው የሚሠሩት። ጽሑፉን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩት፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ "ኳ" እና "ኋ" የመሳሰሉት ላይ ስሕተት ይገባል።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩ ደግሞ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ወይም ፎንቱ ውስጡ የገባበት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። ያለዚያ እዚያ ያለው ኮምፒውተር የራሱን ፎንት ይተካበታል፣ እናንተም በማታውቁት ፊደል ታፔላችሁን ትረከባላችሁ። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ሆሄውን አርሙ፣ ቅርጽ ከሆነ በኋላ መጻፍ አይቻልም።

ለእንጅባራ ነው የምሠራው፤ አውንጊ በዚህ ፊደል ይጻፋል?

ይጻፋል፣ ግን ፎንቱን አስቀድማችሁ ፈትሹ። አውንጊ (የአገው ቋንቋ) በአማርኛ የሌሉ ሆሄያት አሉት፣ እነ "ጘ" እና "ጝ"። አንዳንድ ለጌጥ የተሠሩ ወፍራም ፎንቶች የአማርኛውን ብቻ ሠርተው ያቆማሉ፣ ስለዚህ ያች ሆሄ ስትመጣ ወይ ባዶ ሣጥን ይታያል ወይ ከሌላ ፎንት የመጣች ቀጭን ፊደል መሃል ላይ ትገባለች። ይሄ የሚታወቀው ባነሩ ከታተመ በኋላ ነው፣ ያውም ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ተቻኩሎ የተሠራ ከሆነ። ፎንቱን ከጫናችሁ በኋላ መጀመሪያ "ጝ"ን ጻፉ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም አቢሲኒካም ያወጧታል። ጽሑፉን ደግሞ አውንጊ ማንበብ የሚችል ሰው ይየው፤ እናንተ የማታነቡትን ቋንቋ ቀዳዳው ተደፈነ አልተደፈነ ብላችሁ በዓይን ብቻ አትገምቱ።